ስፖንዳውን ዘግቶት ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሱሉልታ የምኖር ወተት ሰብሳቢ ነኝ። ከገበሬው ወተት ተረክቤ አዲስ አበባ ላሉ ወተት ቤቶችና ካፌዎች ማድረስ ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ በመኪና ስለሆነ የጋዜጣችሁን የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያ አንድም ሳላስቀር አነባለሁ። ቀለሙ፣ ሞዴሉ፣ የሄደው ኪሎ ሜትር፣ የሻጩ ስልክ፣ ሁሉም ይጻፋል። ዛሬ የምጽፍላችሁ እዚያ ገጽ ላይ አንድም ቀን አይቼው ስለማላውቅ ነገር ነው። ሪኮል ይሉታል።

የመኪና ፋብሪካ የሸጠው መኪና ላይ አደገኛ ጉድለት ሲያገኝ ባለቤቶቹን ይጠራል። "አምጡት፣ በነጻ ላስተካክልላችሁ" ይላል። ሪኮል ይኸው ነው። ጥሪው በደብዳቤ ይሄዳል። ደብዳቤው የሚላከው ግን መኪናው በዚያ አገር በማን ስም እንደተመዘገበ ታይቶ ነው። መኪናው ባሕር ተሻግሮ እኛ ዘንድ ከመጣ በኋላ ደብዳቤው የት ያገኘናል? እኔም ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው አልነበርኩም። ካምቢዮ፣ ማርሹን የሚቀያይረው የመኪናው ክፍል፣ ነው ያስተማረኝ።

ፒካፑን የገዛሁት በ2015 ዓ.ም. ነው። ከአሜሪካ የመጣ፣ ኦቶማቲክ፣ ቤንዚን የሚጠጣ ግን ጉልበተኛ መኪና ነው። የአምራቹን ስም አልጽፍም። ክርክሬ ከፋብሪካው ጋር አይደለም። ደላላው "ማዘር፣ የ2014 ሞዴል ነው፣ ዓይንዎን ጨፍነው ይግዙ" አለኝ። እኔም መካኒክ ወስጄ ሞተሩን አስነሥቼ፣ ከሥር አሳይቼ፣ ሊብሬውን አይቼ ገዛሁ። ከዚያ በላይ ምን ይደረጋል ብዬ ነበር የማስበው።

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ አንድ ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወተት ጭነን ወጣን። በዚያ ወር የሱሉልታ ሜዳ ሌሊት ውርጭ ነው፤ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። የእንጦጦን ዳገት ስንጀምር ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይጎትትም። ሹፌሩ ነዳጅ ሲጨምር ጩኸቱ ብቻ ይጨምራል። ቆይቶ ማርሹ ድንገት ያዘና መኪናው ዘለለ። ከኋላ የተጫኑት የወተት ዕቃዎች እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ሰማሁ። ከወተቱ ጋር ሁለት ልጆች ኋላ ላይ ተቀምጠው ነበር። መስኮቱን ከፍቼ "ደህና ናችሁ?" ብዬ የጮኽኩት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ደህና ነበሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ኋላ ላይ ሰው አላስቀምጥም።

ጋራዥ ወሰድነው። ባለቤቱ ትንሽ ነዳው፣ ዘይቱን በጣቱ ነክቶ አሸተተና "ካምቢዮው አልቆለታል" አለኝ። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ካምቢዮ አምጥቶ ለመግጠም 320 ሺህ ብር ጠየቀኝ። የገና ጾም ሊገባ ነው። በጾም ወተት ገዥ እንደሚቀንስ የማያውቅ የለም። ገንዘቡን ከየት አመጣዋለሁ ብዬ ቁጭ ባልኩበት ጎረቤቴ መጣ። እሱም ፒካፕ አለው። "እትዬ፣ እንዳትከፍዪ! የዚህ ካምቢዮ ሪኮል ወጥቶበታል። ፋብሪካው ነው የሚሠራልሽ" አለኝ። ያን ሌሊት በደንብ ተኛሁ።

በማግስቱ አሜሪካ ላለው የእህቴ ልጅ ደወልኩ። "አክስቴ፣ የመኪናው ስም አይበቃም። ሻንሲ ቁጥሩን ላኪልኝ" አለ። ከሊብሬው ላይ ገልብጣ ልጄ ላከችለት። ከደቂቃ በኋላ "እንዲህ ያለ ቁጥር የለም ይላል" ብሎ መለሰ። ሆዴ ቡጭ ቡጭ አለ። የተሰረቀ መኪና ይሆን? ሰነዱ የውሸት ይሆን?

ነገሩ ወዲህ ነው። የሻንሲ ቁጥር የመኪናው መለያ ነው፤ ከአሜሪካ በመጣ መኪና ላይ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። በእሱ ውስጥ የእንግሊዝኛው ኦ፣ አይ እና ኪው ፈጽሞ አይገቡም። ኦ ከዜሮ፣ አይ ከአንድ ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ ነው። እኛ የላክነው ቁጥር ውስጥ ኦ ነበረ። ሊብሬው ላይ ዜሮው ኦ ተደርጎ ተጽፏል። የእህቴ ልጅ ቁጥሩን ከመኪናው ላይ እንድናነብ ነገረን። በሹፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ዳሽቦርዱ ጥግ ላይ ትንሽ ሰሌዳ አለች። የሹፌሩ በር ሲከፈት ደግሞ ጠርዙ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ልጄ በስልኳ መብራት እያበራች አነበበች፣ እኔ በወተት ሒሳብ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ፎቶም አነሣችው።

እዚያው ሌላ ነገር ታወቀ። ከ17ቱ ውስጥ አሥረኛው የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። የኔ ዲ ነው። ዲ ማለት በፈረንጆቹ 2013 ነው። 2014 ቢሆን ኢ ይሆን ነበር። ደላላው አንድ ዓመት ጨምሮልኝ ኖሯል። አንድ ዓመት ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ኋላ ነው የገባኝ።

የካምቢዮው መልስ "የለም" ነበር። የኔ መኪና ካምቢዮ ሪኮል አልወጣበትም። ጎረቤቴ የሰማው የሌላ አምራች ወሬ ነው። ወሬው ግን እውነት ነበር። ፎርድ በ2019 እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 የተሠሩ ኤፍ 150 ፒካፖቹን ጠርቷል። ባለ 6 ማርሽ ኦቶማቲክ የሆኑ፣ በሰሜን አሜሪካ 1.48 ሚሊዮን ገደማ መኪኖች ናቸው። ካምቢዮው ምን ያህል እንደሚሽከረከር የሚለካው ሴንሰር ምልክቱ ለአፍታ ሲጠፋ፣ መኪናው በፍጥነት እየሄደ ሳለ ማርሹ ወደ አንደኛ ሊወርድ ይችላል። በአስፋልት ላይ 80 እየሄዳችሁ አንደኛ ማርሽ ሲገባ አስቡት። የኋላ ጎማው ሊንሸራተት ይችላል። መፍትሔው ብረት መቀየር አልነበረም፤ የመኪናውን ኮምፒውተር ፕሮግራም ማደስ ነበር። የ2014 ሞዴሎቹ ግን በዚያ ጥሪ ውስጥ አልነበሩም። እነሱ የተጠሩት በ2024 ነው፣ ከ550 ሺህ በላይ ናቸው። አያችሁ? አንድ ዓይነት መኪና፣ የአንድ ዓመት ልዩነት፣ ጥሪው ግን አምስት ዓመት ተራርቆ መጣ። ደላላ ዓመቱን ሲያሳስት የሚያሳስተው ዋጋውን ብቻ አይደለም።

የእህቴ ልጅ ሌሎቹንም ነገረኝ። ቶዮታ በ2024 መጀመሪያ 280 ሺህ የሚሆኑ ቱንድራ፣ ሴኮያና ሌክሰስ ኤልኤክስ 600 መኪኖችን ጠራ። ማርሹ ኒውትራል ላይ ሆኖ ካምቢዮው ወዲያው ሳይላቀቅ ቀርቶ፣ ፍሬን ካልተያዘ መኪናው በሜዳ ላይ ቀስ እያለ ወደ ፊት ሊሄድ ስለሚችል ነው። ጄኔራል ሞተርስም በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ2020 እስከ 2022 የተሠሩ 460 ሺህ ያህል የናፍጣ መኪኖቹን ጠራ። ሲልቨራዶና ሲዬራ ፒካፖች ይገኙባቸዋል። በካምቢዮው ውስጥ ያለ ቫልቭ ሲያልቅ የኋላ ጎማ ሊቆልፍ ይችላል ተብሎ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ጥሪው አንዱን ሞተር ይመለከታል፣ ሌላውን አይመለከትም። አንዱን ዓመት ይነካል፣ ሌላውን ይተዋል። "የዚህ መኪና ካምቢዮ ሪኮል አለበት" የሚል የቡና ላይ ወሬ የማይረባው ለዚህ ነው። ቁጥሩ ካልታየ ምንም አልታወቀም።

ካምቢዮዬ ምን እንደነበረ ባጭሩ ልንገራችሁና ልለፍ። ሌላ መካኒክ ዘንድ ወሰድነው፣ ረጋ ያሉ ጋሼ ናቸው። ቀደም ሲል ሌላ ቦታ ዘይት ሲቀየርልኝ የማይሆን ዓይነት ዘይት፣ ያውም ጎድሎ ነበር የተሞላው። የመኪናው መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ዘይት ፈልገን፣ ማጣሪያውን ቀይረን፣ በልኩ ሞላን። ይኸው እስካሁን ዳገቱን ይወጣል። 320 ሺህ ብሩን ለመክፈል አንድ ቀን ነበር የቀረኝ።

አሁን ዋናውን ነገር ልጻፍ። ደብዳቤውን የጀመርኩት ለእሱ ነው።

የእህቴ ልጅ ስለ ካምቢዮው ነግሮኝ ሲያበቃ "ግን አክስቴ፣ አንድ ያልተሠራ ሪኮል ያሳያል" አለ። ስለ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። አነበበልኝ። የኋላ ስፖንዳው፣ የጭነቱ መዝጊያ ማለት ነው፣ መቆለፊያው ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ክፍል ሊሰበር ይችላል። ከተሰበረ ስፖንዳው በጉዞ ላይ ራሱን ይከፍታል። የተጫነው ዕቃ መንገድ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። "አክስቴ፣ አለሽ?" ይለኛል። አለሁ፣ ግን መናገር አቃተኝ።

ሰኔ 2016 ላይ ነው። ከእንጦጦ ወደ አዲሱ ገበያ ስንወርድ ስፖንዳው ተከፍቶ ሁለት የወተት ዕቃ መንገድ ላይ ወደቀ። እያንዳንዱ 40 ሊትር ይይዛል። አንዱ እየተንከባለለ ሄዶ የቆመ ሚኒባስ ገጨ። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ወተቱ አስፋልቱን ይዞ በዝናብ ውኃው መሐል ነጭ ሆኖ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። የሚጭንልኝ ልጅ 19 ዓመቱ ነበር። ወርዶ ስፖንዳውን ይዞ "እትዬ፣ ዘግቼዋለሁ። በማርያም ዘግቼዋለሁ" አለኝ። አላመንኩትም። ሰው ሁሉ እያየ ተቆጣሁት። ስፖንዳው በራሱ ተከፈተ እንዴ አልኩት። የወተቱን ዋጋ ከደመወዙ ላይ በሁለት ወር ቆረጥኩበት። በሦስተኛው ወር ሥራውን ለቆ ሄደ። ሲሄድ እንኳ አልሰደበኝም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ልጁ እውነቱን ነበር። እኔ ነበርኩ የተሳሳትኩት። ስፖንዳው እንደተዘጋ መስሎ ይቆያል፣ ስትገፉት አይነቃነቅም፣ ከዚያ ቁልቁለት ላይ ይለቃል። ይህን ኋላ ጋሼ ፈትተው አሳዩኝ። የፕላስቲክ ጥርስ ነበረች፣ ለሁለት ተሰንጥቃለች።

ፈልጌ አገኘሁት። አዲሱ ገበያ ታክሲ ላይ ረዳት ሆኗል። ሳየው ሰላም ሊለኝ ጎንበስ አለ፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አንጀቴን በላው። የተሰበረችውን ክፍል በወረቀት ጠቅልዬ ይዤለት ሄጄ ነበር። አሳየሁት። ይቅርታ ጠየቅኩት። የቆረጥኩበትን ገንዘብ ጨምሬ ሰጠሁት። መጀመሪያ አልቀበልም አለ፣ ኋላ ተቀበለ። ወደ ሥራው እንዲመለስ ለመንኩት። "እትዬ፣ እዚህ ለምጃለሁ" አለኝ። አልፈርድበትም። በአሜሪካ ለመጀመሪያው ባለቤት አንድ ደብዳቤ ከተላከ ዓመታት አልፈውታል። ያ ደብዳቤ እኔ ጋ ቢደርስ ኖሮ ይህ ልጅ ሰው ፊት አይዋረድም ነበር።

አዲሱን መቆለፊያ የእህቴ ልጅ ገዝቶ በሰው ላከልኝ። አሜሪካ ቢሆን ኖሮ ከተሸጠ 15 ዓመት ያልሞላው መኪና ሪኮሉ በነጻ ነው የሚሠራለት፣ ሕጋቸው ነው። እዚህ ግን በነጻ የሚሠራልኝ አላገኘሁም። ክፍሉ እስኪመጣ ስፖንዳውን በሰንሰለትና በቁልፍ አሰርነው። ውድ ነገር አልነበረም። ማወቁ ነበር የጎደለው።

ማወቅ ለምትፈልጉ እንዴት እንደሚታይ ልንገራችሁ። ከአሜሪካ ለመጣ መኪና የአገሩ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ገጽ አለ፣ ኤን ኤች ቲ ኤስ ኤ ዶት ጎቭ ይባላል። 17ቱን ማስገባት ነው። ገንዘብም ስምም አይጠይቅም። የሚያሳየው ያልተሠራውን ብቻ ነው። ስለዚህ ባዶ ከመጣ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ሪኮል አልነበረበትም፣ ወይም ነበረበትና ተሠርቷል፣ ወይም ጥሪው ከ15 ዓመት በላይ ያለፈው ነው። አዲስ የወጣ ጥሪ የመኪናችሁ ቁጥር እስኪገባ ሊዘገይ ስለሚችል ከጥቂት ወር በኋላ ደግማችሁ ማየት ጥሩ ነው።

ለአሜሪካ ገበያ ያልተሠራ መኪና ግን እዚያ አይገኝም። ሒሉክስን ውሰዱ። በየገጠሩ የምናየው እሱ ነው፤ አሜሪካ ግን አይሸጥም። መኪናው ከገልፍ አገሮች የመጣ ከሆነ የሳዑዲ ንግድ ሚኒስቴር የሪኮል ማዕከል በሻንሲ ቁጥር ይፈልጋል። ከጃፓን በቀጥታ የመጡት እንደ ቪትዝ ያሉት ደግሞ 17 የላቸውም። አጠር ያለ፣ መሐሉ ላይ ሰረዝ ያለበት ቁጥር ነው ያላቸው። እሱን የአምራቹ የጃፓን ገጽ ላይ ያስገባሉ። ገጹ በጃፓንኛ ነው፣ ስልኩ ግን ይተረጉመዋል። ልጄ እንዲያ አድርጋ ለሁለት ጎረቤት አይታለች።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትለዩ አትለፉ። ፋብሪካ ለጋራዦች ብቻ የሚልከው የጥገና መመሪያ አለ። "ካምቢዮው እንዲህ ካደረገ እንዲህ አድርጉ" የሚል ነው። እሱ ሪኮል አይደለም፣ ነጻም አይደለም። ብዙ የካምቢዮ መንገጫገጭ የሚወድቀው እዚያ ውስጥ ነው። ጎረቤቴ ያምታታውም ይህንኑ ጭምር ይመስለኛል።

ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች የምለው አለኝ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ከወጣ ቆይቷል። በየዓመቱ ለቦሎ መኪናችንን እናቀርባለን። ፍሬኑ ይታያል፣ መብራቱ ይታያል፣ ጎማው ይታያል። የኔም ፒካፕ በየዓመቱ አልፏል፣ ስፖንዳው ተሰብሮ ሳለ። መርማሪዎቹን አልወቅስም፣ ከውጭ የሚታይ ነገር አልነበረም። ግን ሻንሲ ቁጥሩን እዚያው ያነብቡታል። ቁጥሩን ካነበቡ በኋላ በኮምፒውተር ማየት ምን ያህል ይፈጃል? ለእኔ ልጅ ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀባት፣ በስልክ። ያልተሠራ ሪኮል ካለ ቦሎው ይከልከል አላልኩም። አንድ ወረቀት ለባለቤቱ ይስጡት። ሊብሬ ላይ ቁጥሩን የሚጽፉትም ዜሮን ዜሮ ብለው ይጻፉልን።

ይህ ነገር አሁን ይበልጥ ያስፈልገናል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያሉት መኪኖች ናቸው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት። የ2011 መኪና፣ የ2013 መኪና ገና ብዙ ዓመት ይነዳል። ወተት ይጭናል፣ ሲሚንቶ ይጭናል፣ ሰርግ ያደርሳል። ኋላው ላይ ልጆች ይሳፈራሉ።

እናንተ ደግሞ አንድ ነገር አድርጉልኝ። የመኪና ማስታወቂያ ስትቀበሉ ሻጩን "ሪኮሉ ታይቷል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁልን። ከኪሎ ሜትሩ ቀጥሎ አንድ መስመር ትበቃለች።

እኛ ሰፈር 11 መኪና አይተናል። ሦስቱ ያልተሠራ ሪኮል ወጥቶባቸዋል። የአንዱን ባለቤት ስንነግረው መኪናውን ትናንት ሊሸጥ ተዋውሎ ነበር፤ ለገዢው ደውሎ ነገረው። ሱሉልታ ያላችሁ አንባቢዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወተት መሰብሰቢያው ጋ ብትመጡ ልጄ ታይላችኋለች። ቁጥሩን ከሊብሬው አትገልብጡት፣ ከመኪናው ላይ ፎቶ አንሡት።

ወተት ሰብሳቢ፣ ከሱሉልታ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተሰጥቷል)